ከጳጉሜ ውጪ የተደረገ ዝውውር

ደሴ፣ ሆጤ ሠፈር፣ ኅዳር ወር፣ ዓርብ ከሰዓት፤ እንድሪስ ከቤታቸው ፊት ባለችው የጌም ክፍል አሮጌውን የጌም ማሽን ካርቶን ውስጥ ሊከት ሲሰናዳ፣ የዘጠነኛ ክፍሏ እህቱ ሀውለት ቦርሳዋን ሳታወርድ ደርሳበታለች።

ሀውለት፦ ጥገና የሚሄድ ዕቃ እንዲህ ይታሸጋል? ከነቆርኪዎቹ?

እንድሪስ፦ ጥገና ነው አልኩሽ፣ ጥገና ነው። ሌንሱ ደክሟል።

ሀውለት፦ ሌንሱ የደከመው እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ ነው። ያኔ በአልኮል ጠርገህ፣ በጀርባው ገልብጠህ፣ ከሥሩ አራት ቆርኪ ደግፈህ "ሽማግሌው ዳነ፣ በይ ተጫወች" አልከኝ። ይኸው እስከ ትናንት ሲሠራ ኖረ። ዛሬ ምን ነካው? ጉንፋን ያዘው?

እንድሪስ፦ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። እማ ትሰማለች።

ሀውለት፦ እማ "መጣሁ" ብላ ወጥታለች። እንደ ልብህ ዋሽ፤ የምንሰማህ እኔና አላህ ብቻ ነን።

እንድሪስ፦ አይ ያንች ምላስ! ይልቅ ከምትለፈልፊ አግዥኝ። ከሥር የሚነጠፍ ጨርቅ ፈልጊ፣ መንገድ ላይ እንዳይጋጭ።

ሀውለት፦ ቆይ እኔው ላንጥፍልህ። አንተ ዞር በልና ገመዱን ጠቅልል፤ ነገር መጠቅለል ትችልበታለህ።

እንድሪስ፦ ከየት አመጣሽው ጨርቁን?

ሀውለት፦ ከቦርሳዬ። የታጠበ ነው፣ አትስጋ። በል ሽማግሌውን አስተኛው፤ ቀስ አድርገህ፤ እንዲያ።

እንድሪስ፦ ምነው ታዛዥ ሆንሽ ዛሬ? ደግ ነገር ነው?

ሀውለት፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ጠርጥር። እና ማን ነው የሚጠግነው?

እንድሪስ፦ ፒያሳ ያለው ልጅ።

ሀውለት፦ ረጅሙ?

እንድሪስ፦ አዎ፣ ረጅሙ።

ሀውለት፦ ረጅሙማ ጥገናውን እርግፍ አድርጎ ትቶ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ባለፈው ሳምንት ጥንቸል ጆሮ ያለው ሽፋን ሊሸጥልኝ ሲለማመጠኝ ነበር። ሌላ ረጅም ፈልግ።

እንድሪስ፦ እሽ! በቃ! ሸኘሁት። ደስ አለሽ? ሸኘሁት። ማሽን ዕድሜ አለው፣ ሀውለት። እንደ ሰው ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ከተዉት ስንት ዘመኑ! አዲስ ጌም የለው፣ መለዋወጫ የለው። ሲዲውን በጥርስ ሳሙና እየፈተግን እስከ መቼ? ልጆቹስ የታሉ? ዞር ብለሽ እይው ወንበሩን። አቧራ ነው የተቀመጠበት። ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍቷል።

ሀውለት፦ ሸኘሁት ነው ያልከው? ሳትነግረኝ?

እንድሪስ፦ በአዲስ ልቀይረው ነው። ልገርምሽ ብዬ ነው እንጅ እነግርሽ ነበር።

ሀውለት፦ አሃ። አዲስ።

እንድሪስ፦ አዲስ! ያውም በራሱ አፕዴት የሚያደርግ። ማታ ተኝተሽ ጠዋት ስትነሽ ጌሙ ራሱን አድሶ ይጠብቅሻል። ተጫዋቹ ትናንት ክለብ ቢቀይር ዛሬ እዚያው አዲሱ ክለቡ ውስጥ ታገኝዋለሽ። ፀጉሩን ቢቆረጥ ተቆርጦ። ማሊያው፣ ስታዲየሙ፣ ሁሉ ነገር። የዘንድሮው ሲያረጅ የከርሞው በኔትወርክ ይወርዳል።

ሀውለት፦ በየትኛው ኔትወርክ? ማሽኑን ተሸክመህ ጦሳ ተራራ ላይ ልትወጣ ነው?

እንድሪስ፦ ቀልጅ አንች።

ሀውለት፦ አልቀለድኩም፣ ልጠይቅህ። የሠፈራችን ኑረዲን ራሱን ሲላጭ፣ ያ በራሱ የሚያድሰው ጌም ይሰማል? ሶፊያ በክረምት አንድ ክንድ ስትጨምር፣ ቁመቷን ማን ይነግረዋል? የሠሪዎቹ ሰው ሆጤ ድረስ መጥቶ ይለካታል?

እንድሪስ፦ እሱማ...

ሀውለት፦ ሠሪ ተወው ትለኛለህ። ሠሪ ቢተወው እኛ መቼ ተውነው? ጳጉሜ በመጣ ቁጥር ማን ነው ሠፈሩን ሁሉ በዚህ በር አሰልፎ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ቁመት እየለካ፣ ልጁን ሁሉ አንድ በአንድ ጌሙ ውስጥ ሲያድስ የኖረው? አንተ! ገና ጥፍሬን የምበላ ሕፃን ሳለሁ ጆይስቲክ ያስያዝከኝ አንተ! "የሆጤ ልጆች ቀይ ለባሽ ናቸው፤ ያደገ ይረዝማል፣ የወፈረ ይወፍራል፣ ከሠፈር የወጣ ደግሞ ጳጉሜ ላይ ወደሄደበት አገር ቡድን ይዛወራል" ብለህ ሕግ ያወጣኸው አንተ! ዝናሽ አዲስ አበባ በገባች ዓመት፣ ጳጉሜ ሲመጣ "ሕግ ነው" ብለህ ከቀዩ አውጥተህ ቢጫ አለበስካት። አልቅሼ ነበር፤ ትዝ ይልሃል?

እንድሪስ፦ ንፍጥሽ ጆይስቲኩ ላይ ተንጠባጥቦ ለቀናት አልሠራ ብሎን ነበር።

ሀውለት፦ እና ያን ሁሉ ሰው የት ልታደርገው ነው?

እንድሪስ፦ ሚሞሪ ካርዷን ላንች ነቅያታለሁ። ይችውልሽ ኪሴ ውስጥ። ሠፈሩ በሙሉ እዚች ውስጥ ነው። ያንችን ካርድ ለሰው እሰጣለሁ?

ሀውለት፦ አዲሱ ማሽን ላይ ትገባለች?

እንድሪስ፦ ካርዷ ደህና ናት አልኩሽ።

ሀውለት፦ እንድሬ፣ ትገባለች ወይ?

እንድሪስ፦ ቅርጿ... ትንሽ ይለያል።

ሀውለት፦ በሬውን ሸጦ ቀንበሩን ለውርስ! አበስኩ ገበርኩ! አንገቴ ላይ አንጠልጥያት ልዙር? "ይሄ ምንድን ነው ሀውለት?" ሲሉኝ "የሠፈራችን ልጆች ናቸው፤ አይታዩም እንጅ አሉ" ልበል?

እንድሪስ፦ ጌም ነው እኮ! ጌም! ሰው የሞተ አስመሰልሽው።

ሀውለት፦ አዲሱ መቼ ነው የሚመጣው?

እንድሪስ፦ ይመጣል።

ሀውለት፦ መቼ?

እንድሪስ፦ በቅርቡ።

ሀውለት፦ ላም አለኝ በሰማይ። ይሁን። ሽማግሌውንስ ማን ነው የሚወስደው?

እንድሪስ፦ ሰው ነዋ።

ሀውለት፦ ሰውየው ስም አላወጡለትም?

እንድሪስ፦ አደረቅሽኝ እኮ! ቶፊቅ ነው። ለእህቱ ልጅ ነው። ይኸው፣ ጠገብሽ?

ሀውለት፦ ቶፊቅ? የትኛው ቶፊቅ?

እንድሪስ፦ ስንት ቶፊቅ አለ?

ሀውለት፦ ይገርማል። ቶፊቅ ማሽን መሰብሰብ መቼ ጀመረ? እኔ የማውቀው ሰው ሲሰበስብ ነው።

እንድሪስ፦ ሀውለት።

ሀውለት፦ ወዬ።

እንድሪስ፦ አፍሽን ዝጊ።

ሀውለት፦ አልዘጋም። ጥገና አልከኝ፣ ዝም ብዬ አዳመጥኩህ። አዲስ አልከኝ፣ አዳመጥኩህ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ አፍህ እውነት ያመልጠዋል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ አንተ ግን በሩን ሁሉ ዘግተሃል። ስለዚህ እኔ ልክፈተው። ዛሬ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ሽማግሌውን አብርቼው ነበር።

እንድሪስ፦ ለምን?

ሀውለት፦ ቀዩን ቡድን ከፈትኩ። ሁሉም አሉ። አስር ቁጥሩ የለም። ካልሲውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዝቅ የሚያደርገው፣ ኳስ ሲያጣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ የሚጭነው፣ አጥንቱ የረዘመው ልጅ የለም። ተሰርዞ ይሆን ብዬ ፈለግኩት። ተቀያሪዎቹ ውስጥ ፈለግኩት። ቢጫዎቹ ውስጥ ፈለግኩት። የት እንዳገኘሁት ልንገርህ ወይስ ትነግረኛለህ?

እንድሪስ፦ ተይው፣ ሀውለት።

ሀውለት፦ አረንጓዴዎቹ ውስጥ። ሳውዲ። ከወንድምህ ከከማል ጎን።

እንድሪስ፦ ልነግርሽ ነበር።

ሀውለት፦ ዝውውር በጳጉሜ ብቻ ነው! ኅዳር ላይ የምን ዝውውር ነው? የሌባ ዝውውር ነው! ሕጉን አንተው አውጥተህ አንተው ጣስከው!

እንድሪስ፦ አንች ለሕጉ ነው የምታለቅሽው?

ሀውለት፦ አላለቀስኩም። አቧራው ነው። ወንበሩ ላይ አቧራ ተቀምጧል አላልክም?

እንድሪስ፦ ነይ፣ ቁጭ በይ።

ሀውለት፦ አትንካኝ። መቼ ነው የምትሄደው?

እንድሪስ፦ ...እሁድ ንጋት ላይ። መኪናው ከባቲ ነው የሚነሳው፤ ከዚያ ወዲያ ሌሎች ሰዎች ይረከቡናል።

ሀውለት፦ ይረከቡናል! እንደ ጤፍ? ከማልንም እንዲህ ነው ቶፊቅ ያስረከበው። "በሳምንት ውስጥ ደርሶ ይደውላል" ብሎ እማን እጇን ስሞ፣ አፉን ጠርጎ ወጣ። አሁን ደግሞ ሽማግሌውን ተቀብሎ አንተን ሊያስረክብ። ከአንድ ቤት ሁለት ወንድ! የቀረችው ፍየሏ ናት፤ እሷንም ይጠይቅ እንጅ።

እንድሪስ፦ ከማልን ልፈልገው ነው የምሄደው።

ሀውለት፦ ምን?

እንድሪስ፦ ስልኩ ከተዘጋ ሁለተኛ ጳጉሜው አለፈ። እዚህ ቁጭ ብዬ ማንም የማይጫወትበትን ማሽን አቧራ ልጥረግ? ከሪያድ የመጣ ሰው ሁሉ "የሆነ ቦታ አይተነው ነበር" ይላል። የሆነ ቦታ! ወንድምሽ የሆነ ቦታ ነው፣ እኔ ቆርኪ አስተካክላለሁ። አላፍርም?

ሀውለት፦ እና ሄደህ በየበሩ እያንኳኳህ "ከማል አለ?" ልትል ነው?

እንድሪስ፦ ወንድም ነኝ። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ።

ሀውለት፦ የእኔስ ወንድም አይደለህም? ስማኝ፣ እንድሬ። ከማልን በየጳጉሜው ማን ያድሰዋል?

እንድሪስ፦ አንች።

ሀውለት፦ እንዴት እንደማድሰው ታውቃለህ? በግምት። የመጀመሪያው ዓመት ፎቶ ልኮ ነበር፤ እሱን አይቼ ፊቱን ትንሽ አጠቆርኩት። ከዚያ ወዲያ ፎቶ የለ፣ ድምፅ የለ። እማ አጠገቤ ተቀምጣ "ጢም አውጭለት፣ አሁን እኮ ትልቅ ሰው ሆኗል" ትለኛለች፤ አወጣለታለሁ። "ከስቷል ይሆን?" ትለኛለች፤ "የለም እማ፣ እዚያ ምግብ ሞልቷል" እልና ትከሻውን አሰፋለታለሁ። ውሸቴን! ቁመቱን አላውቅም፣ ክሳቱን አላውቅም፤ ይኑር... እሱንም አላውቅም። ሌላውን ልጅ ሁሉ ግድግዳ ላይ አቁሜ እለካለሁ፤ ወንድሜን ግን ከራሴ ፈጥሬ አሳድገዋለሁ። አሁን አንተንም በግምት እንዳሳድግህ ነው? በሚቀጥለው ጳጉሜ "እንድሪስ ስንት ጢም ይበቃዋል?" ብዬ እማን ልጠይቃት?

እንድሪስ፦ በቃ... ተይ።

ሀውለት፦ ያውም በምን ላሳድግህ? ማሽኑንም ወስደኸዋል!

እንድሪስ፦ ተይ አልኩሽ እኮ!

ሀውለት፦ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ...

እንድሪስ፦ ገደሉንማ አይቼዋለሁ! አላየሁትም መሰለሽ? ሌሊት ሌሊት የማየው እሱን ነው። ለአንች ልነግርሽ ሁለት ጊዜ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። አንዴ ተኝተሽ ነበር፤ አንዴ ሂሳብ እየሠራሽ "አሁን አታናግረኝ፣ ኤክስ ጠፍቶብኛል" አልሽኝ። በአፌ ማለት አቃተኝ። ትናንት ማታ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ሽማግሌውን አብርቼ ቁጭ አልኩ። የሄደ ሰው ቀዩን ለብሶ አይቆይም፤ ሕግ ነው። በአፌ ያቃተኝን በጣቴ አደረግኩት። ራሴን አረንጓዴውን አልብሼ ከከማል ጎን አቆምኩና... ካርዷን ስታበሪ አንድ ቀን ታይዋለሽ ብዬ።

ሀውለት፦ አንድ ቀን! አንተ በረሃው መሀል ስትሆን! ይሄ ነው ስንብትህ? ለእኔ፣ ነገርህን ሁሉ ለምደብቅልህ፣ ሲጋራ ያጨስክ ጊዜ "እኔ ነኝ ላስቲክ ያቃጠልኩት" ብዬ ለተገረፍኩልህ?

እንድሪስ፦ አውቃለሁ።

ሀውለት፦ ጠላቴ ቢያደርገው ባልገረመኝ።

እንድሪስ፦ አውቃለሁ አልኩሽ። ስሚኝ አሁን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እስከ እሁድ ለእማ እንዳትነግሪያት። ከደረስኩ በኋላ እኔ ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ። ቶፊቅ ጠዋት ይወስደዋል ብዬ ነበር፣ ወደ ከሰዓት አዛወረብኝ እንጅ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅም ባልመጣ። እሽ? ምላስሽን ያዥልኝ።

ሀውለት፦ እንድሬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?

እንድሪስ፦ ዓርብ ነዋ። ጁምዓ ሰግጄ መምጣቴ አይደል?

ሀውለት፦ ዓርብ ዓርብ ጠዋት እማ ምን ታደርጋለች?

እንድሪስ፦ ምን ታደ... ወይኔ።

ሀውለት፦ ወይኔ በል እንጅ። ደላላ አሰብክ፣ መኪና አሰብክ፣ ከሥር የሚነጠፍ ጨርቅ ሁሉ አሰብክ፤ ዓርብን ረሳህ።

እንድሪስ፦ አብርተሽላታል?

ሀውለት፦ እሷ ጆይስቲክ አትይዝ። እንደ ወትሮው ቀዩንና አረንጓዴውን ብቻቸውን እንዲጫወቱ ለቅቄላት ቡናማ ኩርሲዋ ላይ ተቀመጠች። ወትሮ አረንጓዴው ኳስ ሲይዝ ብቻ ነው ቀና የምትለው፤ ከማል ሲሮጥ "ማሻአላህ፣ እግሩ አልዛለም" ብላ ደስ ይላታል። ዛሬ አንድ ልጅ ኳስ ቀምቶ ሮጠ። ካልሲው ዝቅ ያለ። እማ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። "ሀውለት፣ ይሄ ማን ነው?" አለችኝ።

እንድሪስ፦ ምን አልሻት?

ሀውለት፦ "የሰው ልጅ ነው እማ" አልኳት። ዋሸሁልህ። እስከዚያ ድረስ ዋሸሁልህ፣ አየህ?

እንድሪስ፦ ተመስገን።

ሀውለት፦ አትቸኩል። ልጁ ኳሷን አጣት። ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ጫነ።

እንድሪስ፦ እማስ?

ሀውለት፦ "የሰው ልጅ አይደለም፣ የእኔ ነው" አለች። "ማን ነው አረንጓዴ ያለበሰው?"

እንድሪስ፦ አለቀሰች?

ሀውለት፦ ብታለቅስ ይሻልህ ነበር። ጫማዋን አጠለቀች። እኔን "ትምህርትሽ ይረፍድብሻል፣ ሂጅ" ብላ፣ "መጣሁ" ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም።

እንድሪስ፦ የት ሄደች? ሀውለት፣ እናቴ የት ናት?

ሀውለት፦ ከትምህርት ቤት ስመለስ በቶፊቅ በር አለፍኩ። ደፉ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ ለብሳ። አትጮኽም፣ አትሳደብም፣ የሰጧትን ውሃ አትነካም። የከማል ደላላ እሱ አልነበር? በሩን ታውቀዋለች። የሠፈሩ እናቶች አንድ በአንድ እየመጡ ምንም ሳይሉ ጎኗ ይቀመጣሉ። እነዚያ ልጆቻቸው አረንጓዴ የለበሱት ሁሉ። ቶፊቅ በጓሮ ወጥቶ ጠፍቷል ይላሉ። ማሽንህን የሚወስድ ሰው አይመጣም፤ ዝም ብለህ ነው የምታሽገው።

እንድሪስ፦ እንድትነሳ ለምነሻታል?

ሀውለት፦ ለምኛታለሁ። "ልጄን በየትኛው ልብስ እንደማየው ሳላውቅ አልነሳም" አለችኝ።

እንድሪስ፦ ...ቀዩ ማሊያዬ የታለ? ላጥበው ብለሽ ወስደሽው ነበር።

ሀውለት፦ አጥቤዋለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ከሥር ተነጥፏል፤ ሽማግሌውን ሳታወጣው አታገኘውም።